ሊንክዲን ለድሬ ሰው ይሠራል ወይ? የሁለት ዓመት ልምዴ

ሰሞኑን የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሆኖ ከፍ ያለ ቦታ የሚፈልግ ሰው፣ ማለትም ሥራ አስኪያጅነት፣ የዘርፍ ኃላፊነት፣ የክልል ማናጀርነት የሚመኝ ሰው፣ ሊንክዲን በሚባለው የሙያ ማኅበራዊ ድረ ገጽ በኩል ሔድ ሃንተር፣ ማለትም ለድርጅቶች ኃላፊ ፈልጎ የሚያመጣ ሰው፣ ያገኘዋል ወይ? መልሴ አዎ ነው። ግን አብዛኞቻችን በምንጠቀምበት መንገድ አይገኝም። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በከንቱ አሳልፌዋለሁ፤ ሌላው ሰው እንዳያሳልፈው ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ትራንዚትና ሎጂስቲክስ ነው። ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማችን ራሷ በፈረንጆቹ 1902 የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ስለደረሰ ነው። ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ፣ ከመሙላት ጀምሬ በ13 ዓመት ውስጥ የቅርንጫፍ ኦፕሬሽን ኃላፊ ሆንኩ። ኮንቴነር ጅቡቲ ላይ ሲያድር ዲሜሬጁ፣ ማለትም የመዘግየት ቅጣቱ፣ እንዴት እንደሚቆጥር፣ ከባቡር ወደ መኪና ሲዛወር የቱ ወረቀት ሲጎድል ጭነቱ እንደሚቆም፣ ሹፌር መንገድ ላይ ሲቆም ለማን እንደሚደወል አውቃለሁ። ከዚህ በላይ መሥራት እንደምችልም አውቃለሁ። የማያውቀው ሌላው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ለመጻፍ የተነሳሁትም በሱ ነው። ነሐሴ 2014 ላይ ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ለደንበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ድሬዳዋ ነው። በዚያው ወር ነፃ የንግድ ቀጠናው ተመረቀ። ከዚያ በፊት ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጥቷል፣ አዲሱ ባቡር መጥቷል። ሥራው ወደኛ እየመጣ ነው። ግን ከፍ ያለ ቦታ ሲከፈት ስንት ጊዜ ነው ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ያየነው? እኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የመጡት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ በነሱ ቅሬታ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ግን እዚሁ ድሬ፣ ከዚራና ሳቢያን ሰፈር የተቀመጠ፣ ያንን ሥራ ለዓመታት በእጁ የሠራ ሰው ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ እንኳን አለመግባቱ ነው። ተወዳድሮ ቢሸነፍ አንድ ነገር ነው። እሱ ግን ለውድድሩም አልተጠራም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ሥራ መቀየር እንዳለብኝ ስወስን መጀመሪያ የሄድኩት ሲቪ የሚሠራ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። 2,500 ብር ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን በሁለት ቀለም፣ በሁለት ዓምድ የተሠራ፣ ፎቶዬ ያለበት የሚያምር ሲቪ ተሰጠኝ። እንግሊዝኛዬ ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል፣ የአመራር ችሎታዬ አምስት ከአምስት ይላል። ማን ለካው? የሠራሁት ሥራ ግን አንድ አንቀጽ አልሞላም። «ውጤት ተኮር፣ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚል ነገር ነው ገጹን የሞላው። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን ሲቪ ባገኘሁት ኢሜይል ሁሉ ላክሁት፤ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ዱባይ ላሉ ቀጣሪ ኤጀንሲዎች ሳይቀር። ከስልሳ በላይ ቦታ። የመለሰልኝ አንድም ሰው የለም። ወራት ሲያልፉ ሰው በራሱ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል፤ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ማታ ማታ ስልኬን ከፍቼ ኢሜይሌን እያየሁ ነበር የምተኛው።

ነገሩን የገለጡልኝ የቀድሞ አለቃዬ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አሁን አዲስ አበባ ናቸው፤ በአንድ ትልቅ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሠሩ ከሔድ ሃንተሮች ጋር ብዙ ተገናኝተዋል። ለበዓል ድሬ መጥተው ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሻይ እየጠጣን ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልሳውን ኢሜይል ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ለማን የሚሠሩ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ለሥራ ፈላጊው ነዋ» አልኳቸው።

«ገንዘቡን የሚከፍላቸው ማን ነው?»

ዝም አልኩ።

ይሄን ማወቅ ብዙ ነገር ይቀይራል። ለከፍተኛ ኃላፊነት ሰው የሚፈልግ ቀጣሪ ኤጀንሲ ደንበኛው ድርጅቱ ነው። ድርጅቱ «እንዲህ ያለ ሥራ አስኪያጅ አምጡልኝ» ብሎ ይቀጥራቸዋል። ክፍያውም ብዙውን ጊዜ የዚያ ሰው የአንደኛ ዓመት ደመወዝ ሲሶ ገደማ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሳይደርሱ የተወሰነውን በቅድሚያ ይቀበላሉ። በዓለም ታዋቂ የሆኑት እነ ኮርን ፌሪ፣ እነ ኢጎን ዜንደር፣ እነ ስፔንሰር ስቱዋርት የሚሠሩት በዚህ መልክ ነው። ስለዚህ አንድ ሪክሩተር፣ ማለትም እንዲህ ሰው የሚመለምል ባለሙያ፣ ጠዋት ሲነሳ ሐሳቡ ዛሬ በእጁ ያለው ክፍት ቦታ ላይ ነው። የኔ ሲቪ ከዚያ ቦታ ጋር ካልገጠመ መልስ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። ንቀት አይደለም፤ ሥራው አይደለም እንጂ።

ታዲያ ሰው የሚያገኙት እንዴት ነው? ጋሼ እንዳስረዱኝ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሰው የት ሊሠራ እንደሚችል ያስባሉ፤ የድርጅቶችን ስም ይዘረዝራሉ። ከዚያ እዚያ ድርጅት ውስጥ ማን እንዳለ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ነው ሊንክዲን የሚገባው። ለሪክሩተሮች የሚሸጥ ራሱን የቻለ አገልግሎት አለው። በሥራ መደብ፣ በቦታ፣ በሙያ፣ በድርጅት፣ በልምድ ዓመት እያጣሩ ስም ያወጣሉ። ከዚያ ስልክ ያነሳሉ። «እገሌን ታውቀዋለህ ወይ? እሱ ካልሆነ ማንን ትመክረኛለህ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ረጅሙ ዝርዝር በዚህ እየተበጠረ ለደንበኛው የሚቀርበው ጥቂት ስም ብቻ ነው። ማስታወቂያ የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ የማይወጣበት ጊዜም ብዙ ነው። በተለይ ቦታው ላይ ያለው ሰው ገና ካልለቀቀ በምስጢር ነው የሚፈለገው።

ጋሼ ስልኬን ተቀብለው ፕሮፋይሌን ከፈቱ። ስሜ ሥር በእንግሊዝኛ «አዲስ የሥራ ዕድል ፈላጊ» ብዬ ጽፌ ነበር። «አሁን አንተን የሚፈልግ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? ሥራ ፈላጊ ብሎ ይፈልጋል እንዴ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ግምገማዬ ከዚህ ይጀምራል። ሊንክዲን በ2003 በፈረንጆቹ ነው የተከፈተው፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ነፃው አካውንት ለኛ ጉዳይ ከበቂ በላይ ነው። ግን አሞላሉ ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው።

ስማችሁ ሥር ያለችው መስመር፣ ሔድላይን የምትባለው፣ 220 ፊደል ያህል ትይዛለች። በጣም ውድ ቦታ ናት። እኔ የሥራ ፈላጊነቱን አጥፍቼ በእንግሊዝኛ የሎጂስቲክስ ኦፕሬሽን ኃላፊ፣ የጅቡቲ ኮሪደር፣ የባቡርና የመልቲሞዳል ጭነት፣ ድሬዳዋ ብዬ ጻፍኩ። ሪክሩተሩ ፍለጋው ላይ የሚጽፋቸው ቃላት ናቸው። የሥራ መደባችሁ በመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ስም ካለው ውጪ ያለው ሰው በሚያውቀው ስም ጻፉት። አንድ ወዳጄ መደቡ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ነው የሚባለው። ይሄን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ ነበር የጻፈው። ናይሮቢ ያለች ሪክሩተር ምን ትረዳለች? ባለድርሻ ወይም የሱቅ ባለቤት ይመስላታል። እሱ ግን ሠላሳ ሰው የሚመራ የግዥ ኃላፊ ነው።

ቦታ የሚለውን ኢትዮጵያ ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ድሬዳዋ በሉ። ለዚህ አካባቢ ሰው የሚፈልግ ሪክሩተር መጀመሪያ እዚህ ያለውን ነው የሚያየው፤ ቤት መቀየር፣ ቤተሰብ ማንቀሳቀስ፣ ሙቀቱን መልመድ የማያስፈልገው ሰው ለድርጅቱም ይቀላል። ድሬ መኖራችን ጉድለት እየመሰለን የምንደብቀው ነገር ለብዙ ቦታ ዋናው ብልጫችን ነው። ሌላ ከተማ ለመሄድ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ለብቻው መግለጽ ይቻላል።

ስለራስ የሚጻፍበት ክፍል 2,600 ፊደል ድረስ ይፈቅዳል፤ ግን ሳይነካ የሚታየው የመጀመሪያው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ ዋናውን እዚያ አስቀምጡ። እኔ ያለ ቅጽል ጻፍኩት። ስንት ሰው እንደምመራ፣ ምን ዓይነት ጭነት እንደማስተላልፍ፣ ጭነታችን ከወደብ የሚወጣበት ጊዜ እኔ ስረከብ 11 ቀን እንደነበር አሁን 6 ቀን እንደደረሰ፣ ያም እንዴት እንደሆነ። ይሄን ለመጻፍ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ታታሪ ነኝ ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ ነው። ምን እንደሠራሁ ማስታወስ፣ የድሮ ሪፖርት መገልበጥ፣ ቁጥሩን ማረጋገጥ ግን ሥራ ነው። ደንበኛችሁን ስም እየጠራችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን የዋጋ ምስጢር እያወጣችሁ ግን አትጻፉ። የዛሬ አለቃውን ምስጢር የሚያወጣ ሰው ነገም የአዲሱን ያወጣል ብሎ ነው ሪክሩተሩ የሚያስበው፤ እውነቱንም ነው።

ማንም የማያነሳው ነገር ደግሞ ስም ነው። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። ዮሐንስ በዋይም ይጀምራል፣ በጄም ይጀምራል። ዲፕሎማችን ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ፣ ሊንክዲን ላይ ሦስተኛ ይሆናል። ፈረንጅ ደግሞ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ በአያታችን ስም ይፈልገናል። እኔ በሁሉም ቦታ እንደ ፓስፖርቴ አደረግኩት። ሲቪው ላይ፣ ኢሜይሉ ላይ፣ ሊንክዲኑ ላይ አንድ ዓይነት። ኢሜይሉ ደግሞ የግል ይሁን። አካውንቱን በመሥሪያ ቤት ኢሜይል የከፈተ ጓደኛዬ ሥራውን ሲለቅ መግባት አቅቶት ስንት ተንገላቷል።

ሥራ ለመቀየር ዝግጁ መሆናችሁን የምታሳዩበት ኦፕን ቱ ወርክ የሚባል ነገር አለ፤ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ፎቶአችሁ ዙሪያ አረንጓዴ ክብ ያደርግና ለዓለም ሁሉ ያሳያል። ሁለተኛው ለሪክሩተሮች ብቻ ነው የሚታየው። ሥራ ላይ ያላችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። ድሬ ትንሽ ናት፤ ጠዋት ለገሃሬ የተወራው ምሳ ሳይደርስ ሳቢያን ይሰማል። ሊንክዲን ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት ሪክሩተሮች ሊደብቀው እንደሚሞክር ይናገራል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ዋስትና አልሰጥም ብሎ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ አለቃዬ ቢያውቅ ምን እላለሁ የሚለውን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄን ሁሉ ካስተካከልኩ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማታ ከናይሮቢ መልእክት ደረሰኝ። ሴት ሪክሩተር ናት። ልቤ እንዴት እንደመታ አልረሳውም። ከፍቼ ሳነበው ግን ለኔ የሚሆን ሥራ አልነበረም። ሞጆ ላይ ለመጋዘን ኃላፊነት ሰው እየፈለገች ነው፤ የምታውቀው ሰው ካለ ትለኛለች። ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ነበር። ጋሼ ግን ያን ቀን ሻይ ላይ ነግረውኝ ነበር፤ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ስለ ሌላ ሰው ነው፣ አትናቀው ብለው።

በማግስቱ ለሁለት ሰው ደወልኩ። ስማችሁን ልስጥ ወይ ብዬ አስፈቀድኩ። ሁለቱም ፈቀዱ። ከዚያ ለሪክሩተሯ አንዱ በምን እንደሚሻል፣ ሌላው ምን እንደሚጎድለው፣ እኔ ከነሱ ጋር የት እንደሠራሁ በአጭሩ ጻፍኩላት። አንደኛው እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰ። እሷም ደውላ አመሰገነችኝ። ያን ጊዜ ነው «አንተስ? የምትፈልገው ምንድን ነው?» ያለችኝ።

ሃያ ደቂቃ አወራን። የጠየቀችኝን ልንገራችሁ፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። አሁን የሚከፈልህ ስንት ነው? ከድሬ ትንቀሳቀሳለህ? ለምን ትለቃለህ? ለመልቀቅ ስንት ጊዜ ያስፈልግሃል? በመጨረሻው ጥያቄ ተሰናክዬ ነበር። 30 ቀን አልኳት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሠራተኛ የሚለው ያንን ነውና። በኋላ ሳጣራ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ የኔን የሚወስነው የፈረምኩት ውል ነው። ውሌ ደግሞ ሁለት ወር ይላል። በማግስቱ ጻፍኩላትና አስተካከልኩ። ስህተቴን ራሴ ማረሜን ወደደችው፤ በኋላ ነው የነገረችኝ። እናንተ ግን ውላችሁን አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩት።

ከዚያ ለአንድ የክልል ሎጂስቲክስ ማናጀር ቦታ አስገባችኝ። ሦስት ዙር ኢንተርቪው አለፍኩ። ሁለተኛ ወጣሁ። አልዋሽም፣ አመመኝ። ሁለት ቀን ሰው ማናገር አልፈለግኩም። በሦስተኛው ቀን ስለ ዕድሉ አመስግኜ ጻፍኩላት፤ ምን እንደጎደለኝም ጠየቅኳት። የበጀት ልምድህ አልታየም አለችኝ። በጀት እኮ ለአራት ዓመት ይዣለሁ! ፕሮፋይሌም ሲቪዬም ላይ ግን አንዲት ቃል የለችም። በዚያው ማታ አስገባሁት። ከስድስት ወር በኋላ ራሷ ደወለች፣ ለሌላ ድርጅት። አሁን የምሠራው እዚያ ነው። ቢሮዬ እዚሁ ድሬ ነው።

ስለ ሪፈረንስም፣ ማለትም ስለ ሥራችን ስለሚመሰክሩልን ሰዎች፣ ልጨምር። ለዚህ ሥራ የሰጠኋቸው ሦስት ስሞች ነበሩ። እነሱን ጠየቁ፤ ግን በዚያ አላቆሙም። ስሙን ያልሰጠሁት የአንድ ትራንዚት ድርጅት ባለቤት፣ በሥራ ብዙ ጊዜ የተጋጨን ሰው፣ ስለኔ እንደተጠየቀ በኋላ ራሱ ነገረኝ። «አቦ፣ እውነቱን ነው የነገርኳቸው። ይጨቃጨቃል ግን ቃሉን አያጥፍም አልኩ» አለኝ። ሪክሩተር በወረቀቱ ብቻ አያምንም። በሙያው ውስጥ ማን ምን እንደሚል ይሰማል። የኛ ሙያ ሰፈር ደግሞ ጠባብ ነው፤ ጅቡቲ ያለው ድሬ ያለውን ያውቀዋል፣ ድሬ ያለው ሞጆ ያለውን።

ሐረር ያለች አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ደግሞ ሊንክዲን ላይ ምንም አትጽፍም፣ ፎቶዋም የድሮ ነው። ግን የፋይናንስ ሥልጠና ሲኖር እምቢ አትልም፤ 55 ኪሎ ሜትር ቁልቁለቱን ወርዳ ድሬ ድረስ መጥታ ታስተምራለች። የንግድ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተነስታ ትጠይቃለች፣ ትመልሳለች። ሪክሩተር ሲደውልላት «ስምሽን ከሦስት ሰው ሰማሁ» ነው ያላት። ስለዚህ ሊንክዲኑ ብቻ ነው መንገዱ እያልኩ አይደለም። እሷ ግን እኔ የማልችለውን ትችላለች፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ለኔ ይከብደኛል፣ መጻፍ ይቀለኛል። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ሥራዬ አጭር ነገር እጽፋለሁ። ባቡሩን ያስተዳድሩ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን ሲያስረክቡ ለጭነት አስተላላፊ ምን እንደሚለወጥ የጻፍኩትን ሪክሩተሯ አንብባዋለች። ላይክ ያደረገው ሰው ብዙ አልነበረም። ያነበበው ግን ማንበብ የነበረበት ሰው ነው።

ስለሚከፈልበት የሊንክዲን አካውንት፣ ስለ ፕሪሚየም፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አሜሪካ ውስጥ ለሥራ ፈላጊ የሚሸጠው በወር 30 ዶላር አካባቢ ነው። ክፍያው በካርድና በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለኛ ቀላል አይደለም። እኔ ውጭ ባለችው እህቴ ካርድ የአንድ ወሩን ነፃ ሙከራ ወሰድኩ። ማን ፕሮፋይሌን እንዳየ በደንብ ያሳያል፣ ለማታውቁት ሰው በወር አምስት መልእክት መላክ ያስችላል። ለመገኘት ግን አያስፈልግም፤ ሪክሩተሯ ያገኘችኝ በነፃው ጊዜ ነው። ከሞከራችሁት የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ ሰርዙት፤ አለዚያ ራሱ መቁረጥ ይጀምራል።

በጣም አስፈላጊ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሪክሩተር ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ተዉት። ለአንድ ወዳጄ በቴሌግራም «ዱባይ የማናጀር ቦታ አለ፣ ለፋይል መክፈቻ 6,000 ብር አስገባ» ብለውት አስገባ። ከዚያ በኋላ ስልኩም የለም፣ ሰውየውም የለም። የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር የላከው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ራሱ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ይላል። የከፍተኛ ቦታ ሪክሩተር ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ከድርጅቱ ነው የሚከፈለው። ሲቪ ለሚጽፍላችሁ ሰው መክፈል ሌላ ነገር ነው፤ ሥራ አስገባችኋለሁ ለሚል ግን አንድ ብር አትክፈሉ። ሰውየውን ሊንክዲን ላይ ፈልጉት፣ የድርጅቱን ድረ ገጽ እዩ፣ በድርጅቱ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

ነጥብ ልስጥ። ነፃው ሊንክዲን በደንብ ከተሞላ ከአምስት አራት። አንድ የቀነስኩበት ምክንያት ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ መሆኑና ለመሙላት የሚያስተምር ሰው እዚህ አለመኖሩ ነው። ፕሪሚየም ለኛ ሁለት፤ ኢንተርቪው በተያዘላችሁ ወር ብቻ ይጠቅም ይሆናል። ባለ ሁለት ቀለሙ ሲቪ አንድ። አንዳንድ ድርጅት ሲቪ የሚያጣራው በኮምፒውተር ስለሆነ ያ ሁለት ዓምድና ሥዕል አንዳንዴ እንኳን ሊያምር በትክክል አይነበብም። አሁን የምጠቀመው በጥቁር ቀለም፣ በአንድ ዓምድ፣ ሁለት ገጽ የሆነ ነው። ራሴ ጻፍኩት፣ ጋሼ አረሙት።

ባለፈው እሑድ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ቤት ነበርኩ፤ ገንደ ቆሬ። ለሃያ ዓመት የመኪና ስምሪት የመራ ሰው ነው። የልጁን ስልክ ተቀብዬ እኔ ሪክሩተር ብሆን የምጽፈውን ጻፍኩ፤ የስምሪት ማናጀር፣ ድሬዳዋ። ስሙ አልወጣም። ወደ ታች ወረድን፣ ወረድን፣ የለም። ልጁ ላፕቶፑን አመጣና ሦስታችን ተቀመጥን። «አባዬ፣ ስንት መኪና ነው የምትመራው?» አለው። «ዛሬ ነው ወይስ በደጉ ጊዜ?» አለ አባትየው። «ሁለቱንም ንገረኝ፣ ሁለቱንም እጽፈዋለሁ» አለው ልጁ። እስከ ማታ አራት ሰዓት ቆየን፤ ገና ግማሹ ላይ ነን፣ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጣጥረናል።